ከአፍ እስከ ሞንታርቦ

ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። መምህሩ የሒሳብ አስተማሪ የነበሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ የእድር ስብሰባ፣ የወላጆች ቀንና የሰርግ መድረክ የሚመሩ አዛውንት ናቸው። ባለሙያዋ ለአዳራሽና ለድንኳን የድምፅ መሣሪያ የምታከራይና የምትተክል ወጣት ናት። የሚነጋገሩት አዳራሹ ገና ባዶ ሳለ፣ ወንበር እየተደረደረ ነው።

መምህሩ፦ ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ይህን ገመድ አልባ ማይክ አላምነውም። ንግግሩ መጣፈጥ ሲጀምር ጸጥ ይላል። ያኔ ሦስት ሰው መድረክ ላይ ይወጣል። አንዱ የባትሪ ድንጋዩን ያወጣል፣ አንዱ ሚክሰሩን ይነካካል፣ አንዱ ገመድ ነቅሎ ይሰካል። ተናጋሪው ደግሞ «ሄሎ፣ ሄሎ» እያለ ማይኩን በጣቱ ይደበድባል። በመጨረሻ ድምፁ ይመለሳል፤ ምን እንዳስመለሰው ግን አንድም የሚያውቅ የለም።

ባለሙያዋ፦ ጋሼ፣ ዋናው ጉዳት እሱ ነው። ምን እንዳስመለሰው ካልታወቀ ነገም እዚያው ላይ ይጥለናል። ሦስት ነገር ባንድ ጊዜ ከተለወጠ ጥፋቱ የየትኛው እንደነበር አይለይም።

መምህሩ፦ ሕዝብ ቁጭ ብሎ እያየሽ እንዴት ተረጋግተሽ ትመረምሪያለሽ?

ባለሙያዋ፦ በቅደም ተከተል የሚፈልግ ሰው ከሚጣደፈው ቀድሞ ይጨርሳል። «አልሠራም» ሲሉኝ እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ምን አደረገ? ጭራሽ ዝም አለ? ተቆራረጠ? አፏጨ? ወይስ ድምፁ ታፈነ? ዝም ካለ መጀመሪያ የምጠረጥረው ድንጋዩን፣ ማብሪያውንና ገመዱን ነው። ከተቆራረጠ ሞገዱን አያለሁ። ካፏጨ ማይኩና ሞንታርቦው የት የት እንዳሉ እመለከታለሁ። ከታፈነ ደግሞ የያዘውን ሰው እጅ ነው የማየው።

መምህሩ፦ ማይኩ ሲያፏጭ ድንጋይ የሚቀይር ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው።

ባለሙያዋ፦ እንደሱ ነው። አሁን በእጅዎ የያዙት ምን እንደሆነ ልንገርዎት። ገመድ አልባ ማይክ ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ነው። ድምፅዎን በሞገድ ያሠራጫል፤ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ያለው ሪሲቨር ደግሞ ያንን አንድ ጣቢያ ብቻ የሚያዳምጥ ሬዲዮ ነው። ጉልበቱ ትንሽ ነው፤ የአብዛኞቹ ከ10 እስከ 50 ሚሊዋት ነው። ተራ የ2ጂ ስልክ የኔትወርክ ምሰሶው ሲርቀው እስከ 2 ዋት ያወጣል። 50 ሚሊዋት ያለውን ማይክ 40 ጊዜ ይበልጠዋል ማለት ነው።

መምህሩ፦ እንግዲያ ጣቢያ ከሆነ ጥፋቱ ጣቢያው ላይም ሬዲዮው ላይም ሊሆን ይችላል።

ባለሙያዋ፦ ከሬዲዮው ወዲህም ሊሆን ይችላል። መንገዱን ይቁጠሩት፦ አፍ፣ ማይክ፣ አየር፣ ሪሲቨር፣ ገመድ፣ ሚክሰር፣ አምፕሊፋየር፣ ሞንታርቦ። ከጫፍ ተነስቶ አንድ በአንድ መሄድ ጊዜ ይፈጃል። እኔ መሀሉን ነው የምይዘው። ሪሲቨሩ ላይ ሁለት ምልክቶች አሉ፤ አንዱ ሞገድ ሲደርሰው ይበራል፣ ሌላው ድምፅ ሲደርሰው ይንቀሳቀሳል። ሁለቱም እየሠሩ አዳራሹ ዝም ካለ ማይኩ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ከሪሲቨሩ ወዲህ፣ ከገመዱ እስከ ሞንታርቦው ባለው መንገድ ላይ ነው። የሞገዱ ብቻ በርቶ የድምፁ ካልተንቀሳቀሰ ማይኩ ተዘግቷል፤ የደረት ማይክ ከሆነም ቀጭኑ ገመድ ተበጥሷል። የሞገዱም ካልበራ ወይ ማይኩ ጠፍቷል፣ ወይ ድንጋዩ አልቋል፣ ወይ ሁለቱ የተለያየ ቻናል ላይ ናቸው።

መምህሩ፦ በአንድ እይታ የመንገዱን ግማሽ ጣልሽው።

ባለሙያዋ፦ አዎ። ቀጥሎ የቀረውን ግማሽ እንደገና ለሁለት እከፍላለሁ። ገመድ ያለው ማይክ አምጥቼ ያው የሚክሰሩ ቻናል ላይ እሰካዋለሁ። ከተሰማ ሚክሰሩም ሞንታርቦውም ደህና ናቸው፤ የቀረው ከሪሲቨሩ የሚወጣው ገመድ ነው። ካልተሰማ ሚክሰሩ ላይ የተዘጋ ቻናል ወይም የወረደ ድምፅ ማንሻ እፈልጋለሁ። በየደረጃው የምነካው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ካልረዳኝ ወደነበረበት መልሼ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ።

መምህሩ፦ ስለ ድንጋዩ ልጠይቅሽ። ባለፈው አዲስ ድንጋይ ከሱቅ ገዝተን ገባን፤ ሰባኪው ግማሽ ሳይደርሱ አለቀ። አዲስ የተባለው ውሸት ነው?

ባለሙያዋ፦ አዲስነቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ዓይነቱን ግን አላያችሁም። ርካሹ የካርቦን ድንጋይ ለግድግዳ ሰዓትና ለቴሌቪዥን ሪሞት ይበቃል፤ እነሱ የሚጠጡት ጥቂት ነው። ማይክ ግን ከበራ ጀምሮ ያለማቋረጥ ያሠራጫል። ለዚህ አልካላይን የሚል የተጻፈበትን ይግዙ፤ ብዙዎቹ ማይኮች በእሱ 8 ሰዓት ያህል ይሠራሉ። ቻርጅ የሚደረገውም ጥሩ ነው፤ ግን ጠባዩን ማወቅ ያስፈልጋል። አልካላይን በ1.5 ቮልት ጀምሮ ቀስ እያለ ይወርዳል። ቻርጅ የሚደረገው ኒኬል ደግሞ በ1.2 ቮልት አካባቢ ረጅም ጊዜ ቆይቶ በድንገት ይወድቃል። ማይኩ ለአልካላይን የተስተካከለ ከሆነ የባትሪ ምልክቱ «ገና ነው» እያለ ሳለ ድምፁ ሊጠፋ ይችላል።

መምህሩ፦ ታዲያ ምልክቱን ማየት ዋጋ የለውም ልበል?

ባለሙያዋ፦ ዋጋማ አለው፤ ግን ለዋናው ዝግጅት በምልክት አልወራረድም። ለዋናው አዲስ አስገባለሁ፤ በግማሽ ያገለገለውን ለልምምድ አቆየዋለሁ። ዝግጅቱ ሲያልቅ ድንጋዩን አውጥቶ ማስቀመጥም ግዴታ ነው። ሳጥን ውስጥ ወራት የቆየ ድንጋይ ይፈስና የብረት ጫፎቹን ይበላቸዋል፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ቢያስገቡም ማይኩ በእጅዎ ሲነቃነቅ ይበራል ይጠፋል። ሰው ይሄን አይቶ ሞገዱን ያማል።

መምህሩ፦ መቆራረጡን አስረጂኝ። መድረክ ላይ ሳለሁ ደህና ነው፤ ወደ ሕዝቡ ወርጄ ጥያቄ ልቀበል ስል «ክሽ፣ ክሽ» ይላል። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስመለስ ይስተካከላል።

ባለሙያዋ፦ ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው ሰው ራሱ ነው። ሰውነታችን አብዛኛው ውኃ ነው፤ ውኃ ደግሞ ይህን ሞገድ ይውጣል። ሪሲቨሩን ጠረጴዛ ሥር ወይም የብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ካስቀመጡትና በመሀል 300 ሰው ከተቀመጠ፣ ሞገዱ በዚያ ሁሉ አካል ውስጥ ማለፍ አለበት። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሞክሮ «ይሠራል» ማለት የማይበቃው ለዚህ ነው። ሪሲቨሩ ከሰው ራስ በላይ ከፍ ብሎ፣ ማይኩን ፊት ለፊት በሚያይበት ቦታ ይቀመጥ። ወደ መድረኩ በቀረበ ቁጥርም ይሻላል፤ የድምፅ ገመድ ማስረዘም ሞገድን ሩቅ ከመላክ ይቀላል።

መምህሩ፦ ሁለተኛው?

ባለሙያዋ፦ ሁለተኛው ቆርቆሮ ነው። ጣሪያችን ቆርቆሮ፣ የድንኳናችን ምሰሶ ብረት ነው። ሞገዱ በቀጥታም ይመጣል፣ ከቆርቆሮው ነጥሮም ይመጣል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ ቦታ ላይ ይደጋገፋሉ፣ ሌላው ቦታ ላይ ይጠፋፋሉ። ማይክዎ በ600 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ከሆነ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 50 ሳንቲ ሜትር ነው።

መምህሩ፦ የብርሃንን ፍጥነት ለ600 ሚሊዮን ማካፈል ነው፤ ልክ ነሽ።

ባለሙያዋ፦ እንግዲህ የሚጠፋፉበት ነጥብ በየግማሽ ሞገዱ፣ ማለትም በየ25 ሳንቲ ሜትሩ ሊያጋጥም ይችላል። አንድ ስንዝር ነው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲሉ የተስተካከለው ከዚያ ነጥብ ስለወጡ ነው። ሪሲቨሩ ሁለት አንቴና የተደረገለትም ለዚህ ነው። አንዱ የጠፋበት ቦታ ላይ ቢሆን ሌላው ያገኘዋል፤ መሣሪያው የተሻለውን ይመርጣል። ግን ሁለቱን አጣብቀው ቀጥ አድርገው ካቆሟቸው ሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚሰሙት። ግራና ቀኝ ዘርጋ አድርጎ ማቆም ነው።

መምህሩ፦ እኔ እኮ ለጌጥ የተዘረጋ ይመስለኝ ነበር። እሺ፣ የጎረቤት አዳራሽ ዘፈን በእኛ ማይክ ሲመጣስ? ለቅሶ ቤት ውስጥ የሰርግ ጭፈራ ሰምተናል እኮ!

ባለሙያዋ፦ እሱ የፍሪኩዌንሲ ጉዳይ ነው። ሁለት ጣቢያ አንድ ቦታ ላይ ሲያሠራጩ ሪሲቨሩ የጠነከረውን ይሰማል። የእርስዎ ማይክ ሲጠፋ ወይም ሲርቅ የጎረቤቱ ይገባል። መፈተሻው ቀላል ነው፤ ማይኩን ያጥፉና የሪሲቨሩን የሞገድ ምልክት ይመልከቱ። ማይኩ ጠፍቶም ምልክቱ ከበራ እዚያ ፍሪኩዌንሲ ላይ ሌላ ሰው አለ። ቻናል ይቀይሩ፤ መጀመሪያ ሪሲቨሩን፣ ቀጥሎ ማይኩን። አዳዲሶቹ ራሳቸው ባዶ ቦታ ፈልገው ለማይኩ ይነግሩታል፤ ስትፈልጉ ግን የእናንተ ማይኮች በሙሉ መጥፋት አለባቸው። አለዚያ የራሳችሁን ማይክ እንደ ባዕድ ይቆጥረዋል።

መምህሩ፦ አራት ማይክ ያለን ቀን ደግሞ አንድ ላይ ሲበሩ ሁሉም ይታመማሉ፤ ለየብቻ ግን ደህና ናቸው።

ባለሙያዋ፦ ይሄ የእርስዎ ሙያ ነው፤ ሒሳብ ነው። ሁለት ሞገዶች ተቀራርበው ሲገናኙ መሣሪያዎቹ ውስጥ ተደባልቀው ሌላ ሞገድ ይወልዳሉ። አንዱን በሁለት አባዝተው ሌላውን ሲቀንሱለት የሚመጣው ቁጥር ነው። አንዱ 600፣ ሌላው 601 ሜጋኸርዝ ነው እንበል።

መምህሩ፦ 600 ሁለቴ 1200፤ 601 ሲቀነስ 599። 601 ሁለቴ 1202፤ 600 ሲቀነስ 602። በ599 እና በ602 ማንም ያላበራው ጣቢያ ተፈጠረ።

ባለሙያዋ፦ ሦስተኛውን ማይክ «ቁጥሩ ይመር» ብለው 602 ላይ ካስቀመጡት በቀጥታ ጠላቱ ላይ አስቀመጡት። እኩል ርቀት አስተካክሎ መደርደር የሚያምረው ለዓይን ብቻ ነው። ፋብሪካዎች ይህን ሒሳብ ሠርተው «ግሩፕ» ብለው ያስቀምጡታል። አራቱንም ማይኮች ከአንድ ግሩፕ መምረጥ ነው። ከዚህ የሚብስ ስህተትም አለ፤ ሁለት ማይክ በአንድ ቻናል ለአንድ ሪሲቨር ማብራት። ሁለቱ ይጣላሉ እንጂ ድምፃቸው አይደመርም። ለእያንዳንዱ ማይክ የራሱ ሪሲቨር ያስፈልጋል።

መምህሩ፦ አንዳንዱ ማይክ ግን ልምምድ ላይ እንደ ሰዓት እየሠራ፣ ሕዝቡ ሲገባ ያብዳል። እሱም ውኃው ነው?

ባለሙያዋ፦ ሊሆን ይችላል። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ከሆነ ግን ሌላም አለ። ዋይፋይና ብሉቱዝ እዚያው ሠፈር ናቸው። 300 ሰው ሲገባ 300 ስልክ ይገባል። እንዲህ ያለው ማይክ ለትንሽ ክፍል ጥሩ ነው፤ ለትልቅ ጉባኤ አልመርጠውም። ከመድረኩ ጀርባ ትልቅ የኤልኢዲ ስክሪን ካለም አንቴናውን ከእሱ አርቃለሁ፤ አንዳንዱ ስክሪን ራሱ የሬዲዮ ረብሻ ይረጫል።

መምህሩ፦ የእድራችን አባላት ልጆች ከአሜሪካ የላኩት ማይክ አለ። ጥሩ ስም ያለው ነው፤ ግን ስንሰካው አንድ ቀን እንኳ አላገለገለም።

ባለሙያዋ፦ የተሰካበትን አስማሚ አይታችሁታል? የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። አስማሚው ላይ «ከ100 እስከ 240» የሚል ከተጻፈ ሰላም ነው። 120 ብቻ ካለ እዚህ ሲሰካ ይቃጠላል። አንዳንዴ ሪሲቨሩ ተርፎ አስማሚው ብቻ ነው የሚሞተው፤ ስለዚህ ሪሲቨሩ ከመጣሉ በፊት፣ የሚያወጣው ቮልትና አምፒር ተመሳሳይ በሆነና በ220 በሚሠራ ሌላ አስማሚ ይሞከር።

መምህሩ፦ ያንን ለኮሚቴው እነግራለሁ። ሌላ የሚታይ ነገር አለ?

ባለሙያዋ፦ ፍሪኩዌንሲው። አሜሪካ ውስጥ ማይክ በ700 ሜጋኸርዝ ክልል እንዳይሠራ ከሰኔ 2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተከልክሏል። አብዛኛው የ600 ሜጋኸርዝ ክልል ደግሞ ከሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተከልክሏል። ቦታው ለሞባይል ኩባንያዎች ስለተሰጠ ነው። እንዲህ ያለ ማይክ እዚያ በርካሽ ይገኛል፤ ገዥው በቅን ልቦና ለአገር ቤት ይልካል። በእኛ አካባቢም፣ አፍሪካና አውሮፓ ባሉበት ክልል፣ ከ694 ሜጋኸርዝ በላይ ያለው ሰፊ ቦታ ለሞባይል ተመድቧል። ስለዚህ ለመላክ የሚያስቡ ዘመዶች ሁለት ነገር እንዲያዩ ንገሩልኝ፤ ከጀርባው የተጻፈውን ሜጋኸርዝና የአስማሚውን ቮልት።

መምህሩ፦ ወደ ፉጨቱ እንምጣ። እዚህ ላይ አልስማማም የምልሽ ነገር አለ። «ማይኩን ወደ አፍዎ ያስጠጉ» ትይኛለሽ። እኔ ፊቴ እንዲታይ እፈልጋለሁ። ሰው የሚሰማው በዓይኑም ጭምር ነው። ደረቴ ላይ ይዤ ብናገር አንቺ ድምፁን ማንሳት አትችይም?

ባለሙያዋ፦ አነሳዋለሁ፤ ያኔ ነው የሚያፏጨው። ማይኩ የእርስዎን ድምፅ ብቻ ሳይሆን ሞንታርቦው ያወጣውንም ይሰማል። የሰማውን መልሶ ለሞንታርቦው ይሰጣል፤ እንዲህ እየዞረ ፉጨት ይሆናል። ገመድ ኖረው አልኖረው ለውጥ የለውም። ማይኩን ወደ አፍዎ ሲያስጠጉ ርቀቱ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር ድምፅዎ በ6 ዴሲቤል ይጨምራል። ከ40 ሳንቲ ሜትር ወደ 10 ቢያመጡት 12 ዴሲቤል አገኘሁ፤ የሞንታርቦው ድምፅ ግን ማይኩ ላይ አልጨመረም። ያንን ያህል እኔ እዚህ ዝቅ አደርገዋለሁ፤ ፉጨቱም ይቆማል።

መምህሩ፦ ፊቴስ?

ባለሙያዋ፦ ከአገጭዎ ዝቅ አድርገው ጫፉን ወደ አፍዎ ያዘንብሉት፤ ፊትዎ አይሸፈንም። እጅዎ ግን የማይኩን ራስ እንዳያቅፍ። የወንፊቱ ጀርባ ክፍት የሆነው ለምክንያት ነው፤ ማይኩ ከኋላ የሚመጣውን ድምፅ የሚያጠፋው በዚያ በኩል በሚገባው አየር ነው። እጅዎ ከዘጋው ከሁሉም አቅጣጫ መስማት ይጀምራል፤ ድምፅዎ ይታፈናል፣ ፉጨቱም ይመጣል። ከታች ጫፉን መያዝም ጥሩ አይደለም፤ በብዙዎቹ አንቴናው እዚያ ነው። መሀሉን ይያዙ። ሞንታርቦው ደግሞ ከተናጋሪው ፊት፣ ወደ ሕዝቡ ዞሮ ይቁም። ከኋላዎ ከቆመ ማንም ሊረዳዎት አይችልም።

መምህሩ፦ የደረቱ ማይክ ይሻላል? እጄ ነፃ ይሆናል።

ባለሙያዋ፦ ከአገጭ በታች ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሰካል። ከአፍ ስለሚርቅ ለፉጨት ይበልጥ የተጋለጠ ነው፤ ነጠላና የአንገት ሐብል ሲነኩትም ይንኳኳል። ድምፃቸው ዝቅ ላለ ተናጋሪዎች አልመክረውም።

መምህሩ፦ አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ጣቢያ ነው ካልሽ ግድግዳ አያግደውም ማለት ነው። እድራችን ስለ አባላት ችግር በዝግ ይወያያል። ያ ሁሉ ወደ ውጭ እየወጣ ነው?

ባለሙያዋ፦ አናሎግ ከሆነ አዎ። በዚያው ፍሪኩዌንሲ ሪሲቨር ያለው ጎረቤት ሊሰማው ይችላል። ንግግሩን በምስጢር ቁልፍ የሚቆልፉ ዲጂታል ማይኮች አሉ፤ ዋጋቸው ግን ከፍ ያለ ነው። የደረት ማይክ እንደበራ ወደ መጸዳጃ ቤት የሚሄድ ተናጋሪም አለ። እኔ ከዚህ ሚክሰር እዘጋዋለሁ፤ ማይኩ ግን ማሠራጨቱን አይተውም።

መምህሩ፦ ያ ለእኔ ቁርጥ ያለ ፍርድ ነው። ለዝግ ስብሰባ ገመድ ያለው ብቻ። አንድ ቦታ ቆሞ ለሚናገር ሰውስ ገመድ አልባ ለምን አስፈለገ?

ባለሙያዋ፦ እዚህ ላይ አልከራከርዎትም። ከአትሮንስ ለማይነሳ ተናጋሪ ባለ ገመዱ ይበልጣል። ድንጋይ አይፈልግም፣ ጎረቤት አይገባበትም፣ ሒሳብ የለውም። ገመድ አልባው የሚያስፈልገው መዞር ላለበት ሰው ነው፤ ጥያቄ ለሚቀበል፣ ሙሽሮችን ለሚያጅብ፣ እያስተማረ ለሚንቀሳቀስ። ለእነሱም ቢሆን አንድ ባለ ገመድ ማይክ ተሰክቶ፣ ተሞክሮ፣ መድረኩ ላይ በተጠንቀቅ ይቆማል። ገመድ አልባው ዝም ካለ ተናጋሪው ያንን ይይዛል፤ እኔ ጥፋቱን የምፈልገው ንግግሩ ሳይቋረጥ ነው።

መምህሩ፦ ጥፋት ስትፈልጊ ታዲያ እኔ እዚያው ቆሜ ልጠብቅሽ?

ባለሙያዋ፦ ማይኩን አይምቱት፣ አይንፉበትም፤ አንድ አጭር ነገር ይናገሩ፣ ቁጥር መቁጠር ይበቃል። እኔ ሪሲቨሩን አያለሁ። ኮሚቴዎችንም አንድ ነገር እለምናለሁ። ለድምፅ ሠራተኛው አዳራሹን እንግዳ ከመግባቱ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ክፈቱለት፤ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው መጥተው በሚናገሩበት ቦታ ቆመው ይሞክሩ፤ ሚክሰሩን የሚነካው ሰውም አንድ ብቻ ይሁን።